ኤሲው ሲጠፋ

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል አሥር፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፤
ነሐሴ ነው፣ ከሌሊቱ ሰባት፤ ሙቀት ሳያንኳኳ ሲገባ።
ቀን ሥራዬ ብርድ መስጠት ነው፤ ኤሲ እጠግናለሁ፣
መሰላል ተሸክሜ፣ ከጣሪያ ጣሪያ፣ ጋዝ እየሞላሁ።
ማታ ግን ትእዛዜ አንዲት ናት፦
«ኤሲውን አጥፉት!»
ማይክራፎን ምሕረት አያውቅም፤ የሞተሩን ሲርታ
ከከበሮው እኩል ይጽፈዋል፣ ያለ ይሉኝታ።

ሦስት ናቸው።
ሮዴል፣ ቀን የብረት መወጣጫ የሚያስር፣ ማታ ከበሮ የሚመታ፤
ቢጁ፣ የዓሣ መኪና ነጂ፣ ቤዙን ሲነካው ወለሉ የሚንገላታ፤
ሱሄል፣ ካንዱራውን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቅሎ
የጊታሩን ክር እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አላልቶ አላልቶ
«ዝቅ» ይላል፣ «ገና ዝቅ።»

በደቂቃ አርባ ሁለት ምት።
ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ዕዳህን ማሰብ ትጀምራለህ፤
ሳትጨርስ ይወድቅብሃል።

ማይኩን ከስፒከሩ ፊት በአንዲት ጣት ስፋት ስገፋት
አጎቴ ቢተው ትዝ አለኝ፣ በሁዳዴ፣ በዚያ ጥግ፣ በዚያ ጽሞና ሰዓት፤
በገናውን ታቅፎ፣ ከክሩ ሥር ያለችውን ቁራጭ ቆዳ፣
እንዚራዋን፣ ባውራ ጣቱ ሲያባብላት፦ ብታልፍ ክሩ ዲዳ፣
ብትጎድል ክሩ ባዳ፤
ልኳን ስታገኝ ግን፣ እንጨቱ ሆድ ውስጥ ንብ ሰፈረ።
ሱሄል ሳቀ። «ይሄማ ፈዝ ነው» አለኝ፤
መፍዘዝ መሰለኝ፤
ደግሞም አልተሳሳትኩም።

ሁለት ሳምንት ቀላቀልኩት፣ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል፣
የላይኛው አልጋ ላይ፣ ላፕቶፑ ጉልበቴን ሲያቃጥል።
ቤዙና የእግር ከበሮው ጠባብ በር ላይ ተጋፉ፣
ስልሳ ሄርዝ ላይ፣ እንደ ሁለት ወፍራም ሰው፤ አንዱ ካልቀደመ አያልፉ።
ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ጭቃ ነበር፤ ዛቅኩት፤
ሱሄል «ጊታሩን ከፍ» ሲለኝ፣ እሺ ብዬ ሌላውን ቀነስኩት።
ክብደት ከጩኸት አይመጣም፤
አጠገቡ ባዶ ቦታ ያጣ ድንጋይ ሲወድቅ አይሰማም።

በአራተኛው ቅጂ መጨረሻ፣ ያ ኮርድ ሲሞት
(አርባ ሰከንድ ይወስድበታል ለመሞት)
ከሥሩ ሰው አገኘሁ።
ጉል ናዋዝ ነው፣ የጎማ ቤቱ ዘበኛ፣
ከግድግዳው ወዲያ፣ በስልክ፣ ልጁን ቁጥር ሲያስቆጥር፦
የው፣ ድዋ፣ ድሬ፣ ጻሎር።
የልጅቷ ድምፅ እሱ ጆሮ ውስጥ ቀርቷል፤ ማይኩ ጋ አልደረሰም።
አባትየው ግን ጻሎር ላይ ሁሌ ይቆማል፤ አያልፍም፤
እዚያ ላይ ትሳሳታለች መሰለኝ።
እንደገና፦ የው።

«ቁረጠው» አሉኝ ሦስቱም። ቆረጥኩት።
ዘፈኑ አንድ እግሩ እንደ ወለቀ ወንበር ዘመመ።
መለስኩት፤ ዝቅ፣ ገና ዝቅ፣ ጆሮ ከማይወርድበት።
«አሁን ከበደ! ምን አረግህበት?»
ምንም፣ አልኩ።

እሱን ግን ዝም ልለው አልቻልኩም፤ ድምፁን ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ።
ሄድፎኑን አጠለቅኩለት። ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣
ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ፣ አንገቱን ወደ መሬት ሰጥቶ፣
አዳመጠ። አወለቀ። ላቡን ጠረገበት በሻሹ።
«ጄኔሬተሩ የማን ነው?» አለኝ በተሰባበረ ዐረብኛ፣
«ዘይት ቀይሩለት፤ ይነክሳል።»

ስልኩ ጠራ። ወደ ግድግዳው ማዶ ዞረ።
እኔም ኤሲውን ላበራ የዘረጋሁት እጅ
እዚያው ቀረ።